ማሳው እንዴት ሰነበተ? የበጋ አጋማሽ ወሬ

ዝኩኒውን አልቻልነውም። ጣት ታክላለች ብለን ያለፍናት በሁለት ቀን ውስጥ ክንድ አክላ ትጠብቀናለች። ሙቀቱ ሲበረታ ከአበባ እስከ ለቀማ ሳምንት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በየሁለት ቀኑ፣ አንዳንዴም በየቀኑ፣ ቢላ ይዘን በየተክሉ ስር ስናጎነብስ ነው የምንውለው። አንዷ ቅጠል ስር ተደብቃ ካመለጠችን ጉዳቱ የእሷ ብቻ አይደለም፤ ውስጧ ያለው ዘር መጠንከር ሲጀምር ተክሉ ጉልበቱን ወደ እሷ ያዞርና አዲስ ፍሬ መያዙን ይቀንሳል። የኪያሩም የፎሶሊያውም ነገር ያው ነው። ቶሎ ቶሎ ከለቀሟቸው ይሰጣሉ፣ ከረሷቸው ያኮርፋሉ።

«ማሳው እንዴት ነው?» ሳጥናችሁን ልትወስዱ ስትመጡ ሁላችሁም የምትጠይቁን ይህን ነው። እዚያው ቆመን «ደህና ነው» ብለን ማለፉ ለጥያቄው አይመጥንም፣ የከፈላችሁበት ማሳ ነውና። ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ለአዲስ አንባቢ ባጭሩ፦ እኛ ዘንድ አባላት ወቅቱ ሳይጀምር ድርሻቸውን ከፍለው ይገባሉ፣ ከዚያ በየሳምንቱ የደረሰውን በሳጥን ይካፈላሉ። ብዙ ከደረሰ ብዙ፣ ጥቂት ከደረሰ ጥቂት። አሠራሩ የእኛ ፈጠራ አይደለም። ጃፓን ውስጥ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሸማቾችና ገበሬዎች «ቴይኬይ» እያሉ በቀጥታ ሲዋዋሉ ቆይተዋል፤ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በ1986 (እ.ኤ.አ.) በማሳቹሴትስና በኒው ሃምፕሻየር ሁለት እርሻዎች በዚህ መንገድ ጀምረዋል። ጥቅሙ ለገበሬው ግልጽ ነው፦ ዘር፣ ችግኝና የውሃ ቱቦ የሚገዛው ማሳው ገና ባዶ በሆነበት፣ ከየትም ገንዘብ በማይገባበት ጊዜ ነው። ያንን ጊዜ የምትሸፍኑት እናንተ ናችሁ።

አሁን ወደ ማሳው። በዚህ ሰሞን የሚጎበኘን ሰው ሁሉ «ምን ጎደላችሁ!» ይለናል፣ እውነትም ዓይን ይሞላል። ግን ዛሬ የሚታየው ሁሉ ከወራት በፊት የተሠራ ሥራ ነው። የወቅቱን ሁለተኛ አጋማሽ ሳጥን የሚወስነው አሁን በዚህ ሙቀት፣ ለቀማው እጃችንን በያዘበት ሰዓት የምንዘራው ነው። የበጋ አጋማሽ ከባድ የሚሆነውም ለዚህ ነው። መልቀም፣ ማረም፣ ማጠጣትና መዝራት አራቱም በአንድ ሳምንት ይመጣሉ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ይጮኻሉ፣ መዝራት ግን አይጮኽም። ዝም ብሎ ያልፋል። ያለፈውም የሚታወቀው ከሁለት ወር በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ የሚመልሰው የለም።

ቲማቲሙን በጉጉት እንደምትጠብቁት አውቃለሁ። አረንጓዴ ፍሬ በየዘለላው ተንዠርግጓል፣ የታችኞቹ ዘለላዎች መቅላት ጀምረዋል። «ይህን ያህል ፀሐይ እያለ ለምን አይቀላም?» ያላችሁኝ አላችሁ። ጥያቄው ጥሩ ነው። ቲማቲም ለመብሰል ብርቱ ሙቀት የሚፈልግ ይመስላል፣ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ቀዩን ቀለም የሚሰጠው ላይኮፒን በደንብ የሚሠራው ሙቀቱ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው። ከ30 በላይ ሲያልፍ ሥራው ይቆማል ማለት ይቻላል፣ ፍሬው ወይ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል ወይ ወደ ብርቱካንማ ያደላል። ጥቂት ቀን ቀዝቀዝ ካለልን ሁሉም ባንዴ ይቀላሉ፣ ያን ሳምንት ሳጥኑ ይከብዳችኋል።

ሙቀቱ አበባውንም ይነካዋል። ሰሞኑን ከላይኛው ዘለላ አንዷን ቢጫ አበባ ጠጋ ብዬ አየኋት። አገንዳዋ፣ ማለት አበባዋን ከግንዱ ጋር የሚያያይዘው ቀጭን እግር፣ መሃሉ ላይ ያለችው አንጓ ቢጫ ሆናለች። በጣት ነካ ሳደርጋት ተቆርጣ ወደቀች። ይህ በሽታ አይደለም። ቀኑ ከ32 ዲግሪ በላይ፣ ሌሊቱም ከ21 በላይ ሆኖ ሲሰነብት የአበባው ዱቄት ይደክማል፣ ያልተዳቀለውን አበባ ደግሞ ተክሉ ራሱ ይጥለዋል። ስለዚህ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቲማቲሙ ለተወሰነ ጊዜ ሳሳ ቢልባችሁ ምክንያቱ የዛሬው ሙቀት ነው። ተክሉ ደህና ነው፣ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይይዛል።

አንዳንዱ ፍሬ ደግሞ ቂጡ ጠቁሮ፣ ቆዳ መስሎ ታገኙታላችሁ። ይሄኛው ብዙ ሰው አፈሩ ካልሲየም አጥሮት ነው ብሎ የእንቁላል ቅርፊት የሚበትንበት ነው። ብዙውን ጊዜ አፈሩ ውስጥ ካልሲየም ሞልቷል። ካልሲየም ወደ ፍሬው የሚሄደው ከውሃ ጋር ስለሆነ አንድ ቀን ድርቅ አንድ ቀን ጎርፍ ከሆነበት ፍሬው ጫፍ ድረስ አይደርስም። መድኃኒቱ የማይዋዥቅ ውሃ ነው። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው፦ ከስር ገለባ ጎዝጉዘናል፣ ጠብታ መስኖውን በቋሚ ሰዓት እንከፍታለን፣ የታችኞቹን ቅጠሎች አራግፈናል። ቅጠሉን ያራገፍነው ግን ለሌላ ነገር ነው። ዝናብ ሲመታ ከአፈር እየተፈናጠረ የሚወጣው ሻጋታ መጀመሪያ የሚያርፈው እነሱ ላይ ስለሆነ ነው።

ስለ ውሃ ከተነሳ ብዙ አትክልት በሳምንት 25 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይበቃዋል ይባላል፣ በኃይለኛ ሙቀት ግን ይህ ያንሳል። አንድ ሚሊ ሜትር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሜትር ስፋትና 30 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ መደብ ብቻ በሳምንት 750 ሊትር ይጠጣል። መደቡን ሁሉ ስትደምሩት ለምን ስለ ውሃ ሌት ተቀን እንደምናስብ ይገባችኋል። ቁጥሩን ብቻ አናምንም፤ ጣታችንን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈር ውስጥ እንከተዋለን። ላዩ ደርቆ ውስጡ ርጥብ ከሆነ እንተወዋለን፣ ሥሩ ወደ ታች እንዲፈልግ። ውስጡም ከደረቀ ዘግይተናል።

ነጭ ሽንኩርቱ ወጥቷል። በጣም ደስ ብሎኛል፣ ይህን በግልጽ ልበለው። የሚነቀልበት ቀን ከባድ ውሳኔ ነው፦ ቶሎ ከነቀልከው ራሱ ትንሽ ይቀራል፣ ካዘገየኸው ቅርፊቱ ተሰነጣጥቆ ጥርሶቹ ይበታተናሉ፣ ከዚያ አይቀመጥም። እኛ የምናየው ቅጠሉን ነው። እያንዳንዱ ቅጠል ወደ ታች ወርዶ የራሱ አንድ የቅርፊት ሽፋን ይሆናል። የታችኛው ቅጠል ሲደርቅ አንድ ሽፋን ደከመ ማለት ነው። ከታች ሲሶ ያህሉ ደርቆ የላዩ አረንጓዴ እንዳለ ነቀልን። አሁን ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ታስሮ ተሰቅሏል፤ ሦስት አራት ሳምንት ይቆያል። እስከዚያ ግን ርጥቡን በየሳጥኑ አንድ አንድ እንጨምራለን። ርጥብ ነጭ ሽንኩርት ቶሎ ይበላል እንጂ ወራት አይቀመጥም፣ ይህን አደራ።

ቀይ ሽንኩርቱ ወገቡን መስበር ጀምሯል። ሽንኩርት ራስ የሚቋጥረው በዕድሜው ብዛት አይደለም፣ በቀኑ ርዝመት ነው። ለረጅም ቀን የተመረጡት ዝርያዎች ከ14 ሰዓት በላይ ብርሃን ካላገኙ ራስ አይቋጥሩም፤ የአጭር ቀን የሚባሉት ደግሞ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ይበቃቸዋል። ለአካባቢው የማይሆን ዝርያ የዘራ ሰው የፈለገውን ያህል ቢንከባከበው ቅጠል ብቻ ያጭዳል። የእኛው በደንብ ቋጥሯል። ግማሹ አንገቱ ለስልሶ ሲተኛ ውሃውን እንዘጋለን፣ ከዚያ በኋላ የሚጠጣው ውሃ ለመበስበስ እንጂ ለሌላ አይጠቅመውም።

ድንቹ ጥሩ ነው። አበባውን ጨርሷል፣ ከዳር ዳር ቆፍረን ለጋውን ለሳጥን እያወጣን ነው። በጣት ስትፈትጉት ቆዳው የሚላጠው ለጋ ስለሆነ ነው፤ ለክምችት የሚሆነው ግንዱ ከደረቀ በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት አፈር ውስጥ ቆይቶ ቆዳው ሲጠነክር ይወጣል። አንድ ነገር ግን ዘወትር ያሳስበኛል፣ ሌት ብላይት የሚባለው በሽታ። አየርላንድን ከ1845 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያስራበው እሱ ነው፣ ቲማቲምንም አይምርም። ዘሩ በነፋስ ከሩቅ ይመጣል፣ ቅጠሉ ረጥቦ ሲያድርለትና አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ማሳን በሳምንትና በሁለት ሳምንት ያነዳል። ስለዚህ ዝናብ በዘነበ ማግስት ጠዋት ቅጠሉን እየገለበጥን እናያለን። የምንፈልገው ውሃ የነካው የሚመስል ጥቁር አረንጓዴ ነጥብ ነው፣ ከስሩ ደግሞ ጠርዙን የከበበ ስስ ነጭ ሻጋታ። እስካሁን የለም። ጓሮአችሁ ውስጥ ድንች ወይም ቲማቲም ያላችሁ ይህን ካያችሁ ተክሉን ነቅላችሁ በከረጢት እሰሩት፣ ለጎረቤትም ንገሩ። ይህ በሽታ አጥር አያውቅም።

ሰላጣ የት ሄደ? ሰላጣ ሙቀት ሲመታው ወደ ላይ ይመዘዝና ያብባል፣ ቅጠሉም ይመራል። መራራውን ልንሰጣችሁ አልፈለግንም። የተተካው ደግሞ ገና ነው፤ የሰላጣ ዘር አፈሩ ከ27 እና 28 ዲግሪ ካለፈ ብዙው አይበቅልም፣ ተኝቶ ይቀራል። ስለዚህ አመሻሽ ላይ እንዘራና ትሪውን የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቀዝቃዛ ጥላ ውስጥ እናቆየዋለን። ከበቀለ በኋላ ጥላ መረብ እናደርግለታለን። እስኪደርስ ቆስጣና ጎመን ይተኩታል። ቆስጣው ሙቀቱን ችሎታል፣ ሊመሰገን ይገባዋል።

አረም። እውነቱን ለመናገር የበጋ አጋማሽ ላይ አረም የሌለበት ማሳ አላየሁም፣ የሚለየው የትኛው አረም እንዲያፈራ እንደተፈቀደ ነው። አማራንተስ የሚባለው አረም ከአንድ ተክል ከመቶ ሺህ በላይ ዘር ሊጥል ይችላል። እሱን አንዱን ዛሬ መንቀል ለዓመታት ጎንበስ ማለትን ያስቀራል። ስለዚህ ጊዜ ሲያጥረን ትናንሾቹን ትተን ያበቡትን እናሳድዳለን። ትናንሾቹን ደግሞ ገና ነጭ ክር መስለው አፈር ውስጥ ሳሉ፣ ፀሐያማና ነፋሻማ በሆነ ጠዋት መኮትኮቻውን ላይ ላዩን ጎተት ማድረግ ይበቃል። እስከ እኩለ ቀን ደርቀው ያልቃሉ። ርጥብ ቀን ላይ ብትኮተኩት ግን ቦታ ነው የምታዛውራቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደማይታየው። ካሮቱን ዘርተናል። የቀዝቃዛው ወቅት ካሮት ጣፋጭ ነው፣ ብርድ ሲነካው ውስጡ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል፣ ግን የሚዘራው በዚህ ሙቀት ነው። ዘሩ ደቃቅ ነው፣ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ አይቀበርም፣ ለመብቀል ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። በእነዚያ ቀናት አንድ ከሰዓት ብቻ ላዩ ከደረቀ የበቀለው ጫፍ ይሞታል። እንደ አራስ ልጅ ነው፣ ዓይን አይነሳበትም። መደቡን በርጥብ ጆንያ ሸፍነነዋል፣ ጠዋትና ማታ እናርሰዋለን። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ጆንያውን ጫፉን ገለጥ እያደረግን እናያለን። የመጀመሪያዎቹ ክር የመሰሉ ቅጠሎች ብቅ ባሉበት ዕለት ጆንያው መነሳት አለበት፤ አንድ ሁለት ቀን ከዘገየ ቡቃያው ቀጥኖ ይነጣል።

ብሮኮሊውና ጥቅል ጎመኑም ተተክለዋል፣ በመረብ ተሸፍነዋል። መረቡን ያየ ሰው ለፀሐይ ይመስለዋል፣ እሱ ግን ለነጯ ቢራቢሮ ነው። ቅጠሉ ስር አንድ በአንድ፣ ቆመው የሚታዩ ፈዛዛ ቢጫ እንቁላሎች ትጥላለች፣ የሚፈለፈለው አረንጓዴ አባጨጓሬ የቅጠሉን ቀለም ስለያዘ ዓይን ያታልላል። ችግኙ በተተከለበት ቀን መረቡ ካልተዘረጋ ጥቅም የለውም፣ ገብታ ከጣለች ውስጥ አስረን ቀለብናት ማለት ነው።

ለምን አሁን፣ ለምን ሙቀቱ እስኪበርድ አትጠብቁም ላሉን፦ ረጅሙ ቀን አልፏል። ቴርሞሜትሩ ገና ቢወጣም ብርሃኑ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ እየቀነሰ ነው። ቀኑ ከ10 ሰዓት ብርሃን በታች ሲወርድ ብዙ አትክልት ማደጉን ያቆማል ማለት ይቻላል፣ ያደገው ብቻ ማሳ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ ቆጠራችን ወደ ኋላ ነው። ለመድረስ 75 ቀን ለሚፈልግ ካሮት 75 ቀን ሰጥተን በቃ አንልም፣ ቀኑ እያጠረ ሲሄድ እድገቱ ስለሚጎተት ሁለት ሳምንት እንጨምርለታለን። ያ ሲቀነስ የመዝሪያው ቀን ጭራሽ በለቀማው መሃል ያርፋል።

ነጭ ሽንኩርቱ የለቀቀውን መደብ ባዶ አልተውነውም። ባክዊት የሚባል፣ ቶሎ አድጎ አፈሩን የሚሸፍን ተክል በትነንበታል። በአምስት ሳምንት ገደማ ያብባል፣ አረሙን ያፍናል፣ ንቦቹም ይወዱታል፤ ዘር ሳይጥል አጭደን እዚያው አፈሩ ላይ እንተወዋለን። ንቦቹ ደግሞ ለዝኩኒውና ለኪያሩ ይመለሱልናል፣ ወንዴና ሴቴ አበባቸው የተለያየ ስለሆነ ያለ ንብ ፍሬ የለም። መድኃኒት ላለመርጨት የምንጠነቀቅበት አንዱ ትልቁ ምክንያት ይሄ ነው።

ቃሪያውና ደበርጃኑ ደህና ናቸው፣ የሚወራ ነገር የለባቸውም። ቀይ ሥሩ ግን ሁለተኛው ዙር ሳሳ ብሎ ወጥቷል፣ ስለዚህ ከሳምንታት በኋላ ትንሽ ትንሽ ይደርሳችኋል። ቦታው ላይ ፈጣን ነገር፣ ራዲሽና የሚቆረጥ ቅጠል፣ ጣልቃ እናስገባለን።

በቅርቡ ሳጥናችሁ ውስጥ የሚመጣው እንግዲህ ይህ ነው፦ ዝኩኒ በብዛት፣ ኪያር፣ ፎሶሊያ፣ ለጋ ድንች፣ ርጥብ ነጭ ሽንኩርት፣ ቆስጣ፣ የመጀመሪያዎቹ ቲማቲሞች በጣት የሚቆጠሩ። ቲማቲሙን እባካችሁ ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡት። ከ12 ዲግሪ በታች ሲሰነብት መዓዛው ይጠፋል፣ ጠረጴዛ ላይ በእግሩ በኩል ተደፍቶ ይቀመጥ። ካሮትና ቀይ ሥር ሲደርሳችሁ ቅጠሉን ቶሎ ቁረጡት፣ ካልተቆረጠ ከሥሩ ውሃ ይመጥና ያጠወልገዋል። ቅጠላ ቅጠሉን የምንለቅመው ፀሐይ ሳትጠነክር ማለዳ ነው፣ ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ነክረን ጥላ ውስጥ እናቆየዋለን፤ መኪና ውስጥ ለአንድ ሰዓት ከተረሳ ያ ሁሉ ድካም ይቀልጣል። ከቻላችሁ ርጥብ ፎጣ ይዛችሁ ኑ፣ ሳጥኑ ላይ ጣል አድርጉት።

ጊዜ ያላችሁ ደግሞ ጠዋት ጠዋት እጅ ያስፈልገናል። ካሮቱ ከበቀለ በኋላ ተጠጋግቶ የወጣው እየተነቀለ መሳሳት አለበት፣ በጣት ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ነው፣ ልጆችም ይችሉታል። ኮፍያና ውሃ ያዙ።